በየስምንት ሰዓቱ

ይህን ያስጻፉኝ ጥርሳቸውን ያመማቸው አንዲት እናት ናቸው። ነገሩ ከሆነ ዓመት አልፎታል። ግን መድኃኒት ቤት ቆሜ «እሺ» የሚል ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እሳቸው ትዝ ይሉኛል።

ሰኞ ነበር፤ ወደ አስራ አንድ ሰዓት ገደማ። ሰው ከሥራ የሚወጣበት፣ ሰልፋችን በሩ ድረስ የሚደርስበት ሰዓት ነው። ግራ ጉንጫቸው አብጧል። በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ማዘዣውን በመስታወቱ ቀዳዳ አቀበሉኝ። አሞክሳሲሊን 500 ሚሊግራም፣ በየስምንት ሰዓቱ አንድ፣ ለሰባት ቀን። 21 ፍሬ ቆጥሬ ሰጠኋቸው። ያልኳቸውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ በቀን ሃምሳ ጊዜ የምለው ነገር ስለሆነ። «እማማ፣ በየስምንት ሰዓቱ አንድ አንድ ይውሰዱ። ሕመሙ ቢተውዎትም እንዳያቋርጡ፣ ኮርሱን ይጨርሱ። ገባዎት?»

«እሺ የኔ ልጅ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ቀጣይ!

አርብ ጠዋት ተመልሰው መጡ። እብጠቱ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ብሶበታል። «ይሄ መድኃኒትህ አልያዘልኝም፣ ጠንከር ያለ ስጠኝ» አሉኝ። መጀመሪያ መድኃኒቱን ጠረጠርኩ። ቀጥሎ ሐኪሙን። ራሴን መጠርጠር በሐሳቤም አልመጣ። ለማንኛውም ብዬ የቀረውን እንዲያሳዩኝ ጠየቅኳቸው። ከመቀነታቸው ፈተው አወጡት። ቆጠርኩት፣ 16። እንደገና ቆጠርኩት፣ ያው 16። እስከዚያ ሰዓት ቢያንስ 10 መዋጥ ነበረባቸው። የዋጡት 5 ነው።

«እማማ፣ እንዴት ነበር ሲወስዱት የነበረው?»

ቅር አላቸው። «እንዴት ማለት? አንተው እንደነገርከኝ ነዋ! ስምንት ሰዓት በሆነ ቁጥር። የቀኑን አንድም ቀን አላሳለፍኩም። የሌሊቱን ግን አልዋሽህም፣ ሁለት ሌሊት ተነሳሁ፣ ሌላውን እንቅልፍ ጣለኝ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለዚያ ይሆን እንዴ ያልሻረኝ?» አሉ።

«እኔ እኮ እንዲህ አላልኩም» ልል አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። ያን ጊዜ ነው የራሴን አነጋገር በሳቸው ጆሮ የሰማሁት። በየሰኞው ማለት ሰኞ በመጣ ቁጥር ነው። በየበዓሉ ማለት በዓል በደረሰ ቁጥር ነው። በየስምንት ሰዓቱስ? ስምንት ሰዓት በሆነ ቁጥር! ምኑ ላይ ነው ስህተታቸው? አማርኛውን ከኔ በተሻለ ነው የተረዱት። የቀኑ ስምንት ሰዓት አለ፣ የሌሊቱ ስምንት ሰዓት አለ። ሁለቱንም ጠብቀው፣ በሌሊት ከአልጋቸው እየተነሱ፣ ያልኳቸውን ፈጽመዋል።

በኛ ቋንቋ «ሰዓት» የርዝመትም ስም ነው፣ የቀጠሮም ስም ነው። «በሁለት ሰዓት እደርሳለሁ» ያላችሁን ሰው ስትጠብቁ አምሽታችሁ ታውቁ ይሆናል። እኔ ይህን ሳላውቅ አይደለም። የማዘዣውን አነጋገር ከትምህርት ቤት ጀምሮ አፌ ስለለመደው፣ ሌላ ትርጉም ሊኖረው ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም። የሚገርመው ደግሞ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ከሰዓት 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት ቢውጡት ልክ ይሆን ነበር። ከሦስቱ አንዱን ሳላስበው በትክክል ነግሬያቸዋለሁ።

ይቅርታ ጠይቄ፣ እብጠቱ ስላሰጋኝ የዚያኑ ቀን ወደ ጥርስ ሐኪሙ መልሼ ላክኋቸው። በኋላ ድነዋል። ያልዳንኩት እኔ ነኝ።

ስንት ዓይነት እሺ አለ?

«እሺ ይበልጣል ከሺህ» እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ትልቅ ሰው ሲያዝ እሺ፣ ሲመክር እሺ፣ ሲቆጣም እሺ። ቃሉ ሰላም ያወርዳል፣ ቤት ያረጋጋል። ግን ስንት ዓይነት እሺ እንዳለ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? የተስማማ ሰው እሺ አለ። «ቀጥል፣ እየሰማሁህ ነው» የሚል እሺ አለ። «በቃህ፣ ልሂድበት» የሚል፣ ሁለቴ ተደርቦ የሚመጣ እሺ እሺ አለ። ጉዳይ ለማስፈጸም ቢሮ የተመላለሰ ሰው ደግሞ «እሺ፣ ነገ»ን አሳምሮ ያውቀዋል፤ እሱስ እንቢ ማለት ነው። ትንፋሽን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን የምንላት «እ»ም አለች። አገሩን የማያውቅ እንግዳ ሲሰማት የደነገጥን ይመስለዋል። ስልክ ላይ ደግሞ ከነጭራሹ አትሰማም። ውጭ አገር ያለችው እህቴ በየመሃሉ «ሃሎ፣ አለህ?» የምትለኝ ለዚህ ነው።

የእማማ እሺ የትኛው ነበር? ስገምት አክብሮት ነበር። «ሰው በዝቶብሃል፣ አላቆይህም» ማለታቸው ነበር። እኔ ግን እንደ ደረሰኝ ቆጠርኩት። ዕቃ አስረክቤ የተፈረመልኝ ያህል።

ለነገሩ ጥያቄዬም ጥያቄ አልነበረም። «ገባዎት?» ሲባል «አይ፣ አልገባኝም» የሚል ስንት ሰው አለ? ያውም አስር ሰው ከኋላው ቆሞ። አልገባኝም ማለት አለማወቅን በአደባባይ እንደ መመስከር ነው የሚቆጠረው። ክፍል ውስጥም የለመድነው ይህንኑ ነው። መምህሩ «ጥያቄ ያለው?» ይላል፣ ክፍሉ ጭጭ። ደወል ከተደወለ በኋላ ነው አንዱ ሌላውን «ምንድነው ያለው?» የሚለው። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» የሚል ጽሑፍ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ነበር። የጠየቀ ልጅ ላይ የሚሳቀውም እዚያው ግድግዳ ሥር ነበር።

መስታወቱ

የዚያን ቀን ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሰኞ የሆነውን አንድ በአንድ ለማስታወስ ሞከርኩ። በመካከላችን መስታወት አለ። ቀዳዳው እጅ ለማሾለክ እንጂ ለወሬ የተሠራ አይደለም፤ ለሳቸው ቁመት ደግሞ ከፍ ይላል። ከበሩ ውጭ የታክሲ ረዳት «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!» እያለ ይጮሃል። እኔ አንገቴን ደፍቼ ካርቶኑ ላይ እጽፋለሁ፤ የማወራው ከካርቶኑ ጋር ነው ማለት ይቻላል። ፊታቸውን አላየሁም። አይቼው ቢሆን ግር ማለታቸውን አነብ ነበር? ምናልባት። ሰው ግራ ሲገባው ቅንድቡ ይናገራል።

የጻፍኩት ደግሞ «1×3» ነው። ለኔ ግልጽ ነው፤ አንድ ፍሬ በቀን ሦስቴ። ለሳቸው ግን የብዜት ሒሳብ ነው። «ኮርሱን ይጨርሱ» ማለቴንም አስቡት። አንዴ አንድ የኮሌጅ ተማሪ «የምን ኮርስ?» ብላ ጠይቃኝ ስቄ አልፌያታለሁ። ልጅቷ ያን ቀን ውለታ ውላልኝ ነበር፤ አልገባኝም።

ከሁሉም በላይ ግን እሳቸው ሕመም ላይ ነበሩ። የታመመ ሰው ጆሮው ሕመሙ ጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ የጥናት ቅኝት፣ ታካሚ ከባለሙያ ከሚነገረው ነገር ከ40 እስከ 80 በመቶው ወዲያው ይረሳል ይላል። ከሚያስታውሰውም ግማሽ ያህሉ የተሳሳተ ነው። ይህን ቁጥር ከዚያ በፊትም አንብቤው ነበር። «ታካሚዎች ይረሳሉ» ብዬ ነው ያለፍኩት። የሚያስረሳቸው ማን እንደሆነ አላሰብኩበትም።

በማግስቱ መድኃኒት ቤቱ ጭር ሲል ስልኬን አስቀምጬ፣ እንደወትሮዬ አድርጌ፣ ለማንም ሳይሆን ለባዶው መስታወት የአሞክሳሲሊንን ምክር ተናገርኩና ቀዳሁት። ዘጠኝ ሰከንድ ፈጀ። በዘጠኝ ሰከንድ ውስጥ አራት ትእዛዝ፣ አንድ ማስጠንቀቂያና አንድ «ገባዎት?» አለ። የስብሰባ ቃለ ጉባኤ የሚያነብ ጸሐፊ ነው የምመስለው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለሐሜት ነው። ለገዛ ድምፅም ይሠራል።

ከ«ኦኬ» በኋላ የተሰማው ፉጨት

አብሮ አደግ ጓደኛ አለኝ፤ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ነው። ማኪያቶ ላይ የእማማን ታሪክ ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ትቶ «እኛ ጋ ይሄ ነገር ሕዝብ ጨርሷል» አለኝ።

ታሪኩ የሆነው ማርች 27 ቀን 1977 እ.ኤ.አ. ነው። ቦታው ቴኔሪፍ፣ የስፔን የካናሪ ደሴቶች። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ጭጋግ ወርዷል። ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች አንድ ማኮብኮቢያ ላይ ናቸው፤ አንዱ የኬኤልኤም፣ የሆላንዱ አየር መንገድ፤ ሌላው የፓን አም፣ የአሜሪካው። ማማው ላይ ያለው ተቆጣጣሪ አያያቸውም፤ እነሱም እርስ በርስ አይተያዩም። ያላቸው ድምፅ ብቻ ነው። የኬኤልኤሙ ረዳት አብራሪ «አሁን መነሻ ላይ ነን» የሚመስል ነገር በሬዲዮ ተናገረ። ለመነሳት ተዘጋጅተው ቆመዋል ማለቱ ነው? ወይስ መንደርደር ጀምረዋል? ተቆጣጣሪው የቆሙ መሰለው። «ኦኬ» አለ። ትንሽ ቆየት ብሎ «ለመነሳት ተጠባበቁ፣ እጠራችኋለሁ» ሲል ቀጠለ። በዚያችው ቅጽበት የፓን አሞቹ ደግሞ እኛ ገና ማኮብኮቢያው ላይ ነን ብለው ተናገሩ። ሁለቱ ድምፆች ሬዲዮው ላይ ተደራረቡ። ኬኤልኤም ውስጥ ጥርት ብሎ የተሰማው «ኦኬ» ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ፉጨት።

ሁለቱ አውሮፕላኖች ተጋጩ። 583 ሰው ሞተ።

ከዚህ ሁሉ ግን እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። ኬኤልኤም መንደርደር ከጀመረ በኋላ የበረራ መሐንዲሱ «ያ ፓን አም አልወጣም እንዴ?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ካፒቴኑ ያለ ጥርጥር መውጣቱን ነገረው። ካፒቴኑ ደግሞ እንዲሁ ሰው አይደለም፣ የአየር መንገዱ ስመ ጥር አሰልጣኝ ነው። መሐንዲሱ ዝም አለ። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ አባቶች። እዚያ የቀረው ሹመት አልነበረም።

የዛን ዕለት ነው ነጭ ጋውኔን በሌላ ዓይን ያየሁት። መድኃኒት ሊወስድ የመጣ ሰው ፊት ጋውን ማለት ያ ካፒቴን ነው። እማማ «ልጄ፣ የሌሊቱንም ስምንት ሰዓት ነው?» ብለው ለመጠየቅ ሳያስቡ አይቀሩም። ሰው ለክኒን ብሎ ከእንቅልፉ ሲነሳ ግራ ይለዋላ! ግን የተማረ ሰው ነው ያለው ብለው ዋጡት። ክኒኑንም፣ ጥያቄውንም።

ከቴኔሪፍ በኋላ የሬዲዮ አነጋገር ሕጉ ጠበቀ። «መነሳት» የሚለው ቃል ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ካልሆነ በስተቀር አይነሳም። ፈቃድ የተሰጠው አብራሪ ደግሞ «ኦኬ» ብሎ አያልፍም፤ የተባለውን ራሱ መልሶ ይናገራል። «እኛ ጋ እሺ ብሎ ነገር የለም» አለኝ ጓደኛዬ። «ያልኩትን መልሶ ካልነገረኝ እንዳልሰማኝ ነው የምቆጥረው። መልሶ ሲነግረኝ ከተሳሳተ ደግሞ ማረም የኔ ሥራ ነው።»

ያቺን የመጨረሻዋን ይዤ ነው ቤቴ የገባሁት። ማረም የኔ ሥራ ነው።

«ፈተና ነው እንዴ?»

ያው አዲስ ነገር የያዘ ሰው እንደሚሆነው፣ በማግስቱ እንደ ተቆጣጣሪ ልሆን ሞከርኩ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ አንድ አባት መጡ። ነገርኳቸውና «ጋሼ፣ እስቲ እንዴት እንደሚወስዱት መልሰው ይንገሩኝ» አልኩ።

አፈጠጡብኝ። «ምነው፣ ፈተና ነው እንዴ? አንተ ሳትወለድ ጀምሮ ክኒን የምውጥ ሰውዬ ነኝ እኮ!» ከሰልፉ አንዱ ሳቀ። መድኃኒታቸውን ይዘው ወጡ። ከዚያ በኋላ እኛ ጋ አይቻቸው አላውቅም።

ልክ ናቸው። አብራሪና ተቆጣጣሪ ሁለቱም ደንቡን ያውቁታል፤ መልስልኝ ሲባባሉ ማንም አይናቅም። መስታወት ፊት ለፊት የቆመ ሽማግሌ ግን እንደ ተማሪ ሲጠየቅ ክብሩ ይነካል። ይህን ዘዴ እኮ ሐኪሞች ያውቁታል፤ እኔም ተምሬዋለሁ። ፈተና ላይ መጥቶ መልሼዋለሁም። ሰው ፊት እንዴት እንደሚባል ግን ማንም አላስተማረኝም።

ያስተማረችኝ አብራኝ የምትሠራ፣ ከኔ ብዙ ዓመት የምትበልጥ ባልደረባዬ ናት። ሳያት ጥፋቱን ወደ ራሷ ነው የምትወስደው። «እናቴ፣ ዛሬ ተጣድፌ ነው የነገርኩዎት፤ አሳስቼዎት እንዳይሆን። ቤት ሲደርሱ ልጆችዎ ቢጠይቁዎት ምን ይሏቸዋል?» ትላለች። አለቀ። ሴትየዋ ለመፈተን ሳይሆን ባልደረባዬን ከስህተት ለማዳን ነው የምትመልሰው። መርዳት ደግሞ ማን ይጠላል?

ከሷ ኮረጅኩ። ከዚያ በኋላ የሰማሁትን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ሌሊት ጥበቃ የሚሠራ ሰው «ማታ ሲተኙ» ያልኩትን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሲውጥ ኖሯል። እሱ የሚተኛው ያኔ ነዋ። «ጠዋት ከቁርስ በኋላ» ያልኳቸው ጾመኛ እናት ቁርሳቸው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሁለት እህትማማቾች የአንዷን መድኃኒት «ያው አንድ ዓይነት ሳል ነው የያዘን» ብለው እኩል ተካፍለውታል። አንዳቸውም ሰነፍ ወይም ደንታ ቢስ አይደሉም። የነገርኳቸውን ከገዛ ኑሯቸው ጋር አገጣጥመው ተርጉመውታል፤ ኑሯቸውን ሳልጠይቅ የነገርኳቸው እኔ ነኝ።

አሁን «በየስምንት ሰዓቱ» የሚለው ከአፌ አይወጣም። «ጠዋት ስንት ሰዓት ይነሳሉ?» ብዬ ነው የምጀምረው። ከዚያ ለቤተክርስቲያን ሲነሱ፣ ለሶላት ሲነሱ፣ ምሳ ሲበሉ፣ ማታ ሊተኙ ሲሉ እያልኩ ሰዓቱን ከሚያውቁት ነገር ጋር አስራለሁ። ሁለት ሦስት ነገር እናገርና አቆማለሁ። ዝም ማለት መቻል ከሁሉም ከብዶኛል፤ የሰው ጥያቄ እኮ የሚመጣው ዝም ስንል ነው። ቢሆንም ሁሌ አደርገዋለሁ ብል ውሸታም ነኝ። ሰልፉ ሲረዝም፣ አለቃዬ ሲያየኝ፣ ሲርበኝ፣ ያቺ የዘጠኝ ሰከንዷ ንባብ ራሷ ትመጣለች። ቤትም ያው ነኝ። ባለቤቴ «እሺ ብለኸኝ ነበር እኮ» ስትለኝ ምን ላይ እንደሆነ የማላስታውስበት ቀን ይበዛል። ስልኬን እያየሁ ያልኳት እሺ ነው።

ማንኪያው

ያለፈው ሳምንት ነው። አንዲት ወጣት እናት ዓመት የሚሆነው ልጅ አዝላ መጣች። የትኩሳት ሽሮፕ ነው፤ 5 ሚሊ ሊትር፣ በየስድስት ሰዓቱ። ሰዓቱን በደንብ አስረዳኋት፤ እሱን ተምሬያለሁ። «አንድ አንድ ማንኪያ» አልኳት። «እሺ» አለች። ከኋላዋ ዘጠኝ ሰው አለ። ልጁ ያለቅሳል። ሸኘኋት።

ቀጥሎ ያለውን ሰው ማዘዣ ይዤ መደርደሪያው ጋ ስደርስ ቆምኩ። የትኛው ማንኪያ? የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ነው። የሾርባ ማንኪያ 15 ነው። ቤቷ የትኛው እንዳለ አላውቅም፤ መለኪያውንም አልሰጠኋትም። መደርደሪያው ላይ ቀርቷል።

«አንድ ደቂቃ!» ብዬ ወጣሁ። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው አስፋልት ሲሻገር መኪናው ሁሉ ቆም ይላል፤ አደጋ የደረሰ መስሎት ነው መሰለኝ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ደረስኩባት። ስታየኝ ቦርሳዋን መክፈት ጀመረች።

«ዶክተር፣ ሂሳብ አጉድዬ ነው?»

«አይ፣ አይደለም። ማንኪያ ስልሽ የትኛውን መሰለሽ?» አልኳት እያለከለክኩ።

ልጇን ከጀርባዋ ከፍ አድርጋ አስተካከለችና መሬት መሬት እያየች ሳቀች። «እኔም እኮ እሱን ልጠይቅህ ነበር» አለችኝ። «ሰዉ ሁሉ ሲያየኝ አፈርኩ።»